እነሱ ይሰሙኛል፣ እኔ ግን አልሰማቸውም (የኢንተርኔት ስልክ በቤት ራውተር)

ዝም_አለኝ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ፀጉሬን ልነጭ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቤት ውስጥ የጠረጴዛ የኢንተርኔት ስልክ አለኝ። ከራውተሩ ጋር በገመድ ነው የተያያዘው። ወራት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ሠርቷል። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ግን ስደውል ሰዎቹ ይሰሙኛል፣ እኔ አልሰማቸውም። መጥራቱን እሰማለሁ። ያነሱታል። ከዚያ ጭጭ። እማዬ ጋ ደውዬ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል ቆየሁና ዘጋሁት። ወዲያው በሞባይል ደወለችና «ምን ሆነሽ ነው የምትጮሂው? እየመለስኩልሽ እኮ ነው» አለችኝ።

ስልኩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ራውተሩንም። ገመድ ቀይሬያለሁ። የስልኩን እጀታ በሌላ እጀታ ቀይሬ ሞክሬያለሁ። ያው ነው። ኢንተርኔቱ ምንም አልሆነም፤ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ያሳያል። ቀጥሎ ምን ልንካ?

አጥፍተህ_አብራ
ሰኞ፣ ማታ 2፡52

ወንድሜ፣ አጥፍቶ ማብራት ሲባል እኮ ነቅለህ 10 ደቂቃ ማቆየት ነው። ካልሆነ የስልኩን አድራሻ ራውተሩ ላይ ዲኤምዚ ውስጥ ክተተውና ተገላገል። የኔ እንደዛ ነው፣ ሁለት ዓመቱ።

ዝም_አለኝ
ሰኞ፣ ማታ 2፡58

እህትህ ነኝ። እማዬ «ምን ሆነሽ» ስትለኝ አላነበብክም? ለማንኛውም እሱንም ሞክሬያለሁ። ነቅዬው ሻወር ወስጄ ተመለስኩ። እኔ ታድሻለሁ፣ ስልኩ ግን እንዳለ ነው። ዲኤምዚ ምንድነው?

ገመድ_ፈታሽ
ሰኞ፣ ማታ 3፡30

ዲኤምዚውን ለጊዜው ተይው። ከውጭ ወደ ቤትሽ የሚመጣውን ሁሉ ሳያጣራ ስልኩ ላይ የሚያራግፍ ነገር ነው። ቢሠራ እንኳ ለምን እንደሠራ አታውቂም።

አንድ ጥሪ የምንለው ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው። አንዱ ትእዛዙ ነው፤ «ደውል፣ ተነሳ፣ ተዘጋ» የሚባባሉበት። እሱ ሲፕ በሚባል የመነጋገሪያ ደንብ ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ5060 ፖርት (ፖርት አድራሻው ላይ ያለ ቁጥር ያለው በር ነው በይ)። ሌላው ድምፁ ነው። ድምፁ አርቲፒ በሚባል ሌላ ደንብ፣ ለየጥሪው በሚመረጥ ሌላ ፖርት ይሄዳል። ስለዚህ ጥሪው ተገናኝቶ ድምፅ ላይኖር ይችላል። መጥራቱን መስማትሽም አያጽናናሽ። ያንን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚያሰማሽ የራስሽ ስልክ ነው።

ስልክሽ ሲደውል ለአገልግሎት ሰጪሽ ሰርቨር (ጥሪውን ለሚያገናኘው ኮምፒውተር) ደብዳቤ ይልካል በይ። ደብዳቤው ውስጥ «ድምፁን በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ፖርት ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። ስልኩ የሚያውቀው የቤቱን አድራሻ ነው፤ እንበል 192.168.1.23። ራውተሩ ፖስታው ላይ ያለውን የላኪ አድራሻ በውጭው አድራሻ ይቀይራል። ደብዳቤውን ግን አይከፍትም። ሰርቨሩ ደብዳቤውን አንብቦ ድምፁን ወደ 192.168.1.23 ሊልክ ይነሳል። እንደዚያ ያለ አድራሻ በየቤቱ አለ፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም። ያንቺ ድምፅ ግን የሚሄደው ከየትም ወደሚደረስበት ወደ ሰርቨሩ አድራሻ ነው፣ ስለዚህ በሰላም ይወጣል። አንድ ጎን ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ይህ ራውተሩ የሚሠራው አድራሻ የመለወጥ ሥራ «ናት» ይባላል። ባጭሩ፣ ጥፋተኛዋ ናት ናት።

አሁን የራውተሩ ገጽ ላይ ግቢና «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚል ነገር ፈልጊ። ደብዳቤውን ከፍቶ አድራሻውን ሊያርም የሚሞክር የራውተሩ ረዳት ነው፣ ግን ሊያበላሸው ይችላል። በርቶ ከሆነ አጥፊው።

የሌሊት_ተረኛ
ሰኞ፣ ማታ 3፡41

«ጥፋተኛዋ ናት ናት»። ይህችን ለመጻፍ ስንት ዓመት ስትጠብቅ ነበር?

ማይኬ_የታለ
ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ወሬያችሁን ላቋርጥና፣ የኔ ደግሞ ግልባጩ ነው። እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም። ላፕቶፕ ላይ በተጫነ የስልክ ፕሮግራም ነው የምደውለው። እኔም ኤኤልጂ ላጥፋ?

ገመድ_ፈታሽ
ሰኞ፣ ማታ 3፡57

ቆይ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የማይሰማው ማነው?» የሚለው ነው። አንተ ካልሰማህ የመግቢያውን መንገድ ተከተል። እነሱ ካልሰሙህ ግን ከክፍልህ ሳትወጣ ጀምር። ማይኩ የተመረጠው የትኛው ነው? ፕሮግራሙ ማይኩን እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል? ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን በርቶ ከሆነም አጥፍተህ ሞክር። ፕሮግራሙ አንዱን አድራሻ ጽፎ በሌላው ሊልክ ይችላል።

ማይኬ_የታለ
ሰኞ፣ ማታ 4፡05

የማይኩ ፈቃድ ጠፍቶ ነበር። ከሰሞኑ አፕዴት በኋላ መሆን አለበት። አፍሬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ።

ዝም_አለኝ
ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ኤኤልጂውን አገኘሁት፤ በርቶ ነበር። አጠፋሁት። ደወልኩ። ጭጭ።

ሁለት_ራውተር
ሰኞ፣ ማታ 4፡33

ከራውተርሽ በፊት ሌላ ራውተር አለ? እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት ተቃጥያለሁ። ኢንተርኔቱን ያስገቡልኝ ሰዎች የተከሉት ሳጥን ለካ ራሱ ራውተር ነበር። እኔ ደግሞ ዋይፋዩ እንዲደርስልኝ ብዬ ከሥሩ ሌላ ገዝቼ ሰካሁ። ናት በናት ላይ። የሁለተኛውን ፖርት ከፍቼ ቀኑን ሙሉ እሞክራለሁ፣ የመጀመሪያው ዘግቶ ተቀምጧል።

ማወቂያው ቀላል ነው። የራውተርሽ ገጽ ላይ የውጭ አድራሻ ተብሎ የተጻፈውን እዪ። በ10፣ በ192.168 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ከጀመረ ከላይሽ ሌላ ናት አለ። ከ100.64 እስከ 100.127 ከሆነም እንደዚያው ነው። ያኛው አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች ተለይቶ የተሰጠ ነው፤ አንድ የውጭ አድራሻን ለብዙ ደንበኛ ሲያካፍሉ ይጠቀሙበታል። እንደዚያ ከሆነ ቤትሽ ያለው ራውተር ላይ የፈለግሽውን ፖርት ብትከፍቺ ዋጋ የለውም።

ዝም_አለኝ
ሰኞ፣ ማታ 4፡47

የኔ የውጭ አድራሻ በ203 ነው የሚጀምረው። «አድራሻዬ ምንድነው» የሚሉት ድረ ገጾችም ያንኑ ነው የሚያሳዩኝ። ስለዚህ አንድ ራውተር ብቻ ነው ያለኝ ማለት ነው። ልተኛ፣ ነገ እንገናኝ።

አልጠፋ_አለኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

የኔ ራውተር ላይ ኤኤልጂ የሚያጠፋ ቦታ የለም። የስልኬን ፖርት ከ5060 ወደ 5062 ቀይር ተብዬ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

ብዙ ራውተር የሚያየው ያንተን ፖርት አይደለም። ደብዳቤው የሚሄድበትን፣ ማለትም የሰርቨሩን ፖርት ነው። 5060 ካየ «ይህ ሲፕ ነው» ብሎ ይከፍተዋል። አገልግሎት ሰጪህ ከ5060 ሌላ ፖርት እንዳለው ጠይቅ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በቲኤልኤስ፣ በ5061 መመዝገብ ነው። ያኔ ደብዳቤው ታሽጎ ስለሚሄድ ራውተሩ ቢፈልግም ሊነካው አይችልም።

ኤኤልጂን ስንሳደብ ግን ሐቁን እንናገር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ደብዳቤውን ከፍቶ የውስጡን አድራሻ የሚያርም ረዳት ነው። ችግሩ ግማሹን አርሞ ግማሹን ይተዋል፣ ወይም ስልኩ ራሱ ያረመውን መልሶ ያርማል። ሌላም አለ። ብዙ ሰው ያጠፋውና «ለውጥ የለም» ይላል። ስልኩ በየጥቂት ሰከንዱ ሰርቨሩን ስለሚነካካ የድሮው ግንኙነት ራውተሩ ውስጥ በሕይወት ይቆያል፣ ከነረዳቱ። ካጠፋችሁት በኋላ ራውተሩን ሪስታርት አድርጉት። አጥፍተህ_አብራ፣ ይኸው ቀንህ መጣልህ።

አጥፍተህ_አብራ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡44

ተናግሬ ነበር።

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡58

ዝም_አለኝ፣ አንቺን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ሌላው ሰው ቀድሞ ሲዘጋ ያንቺ ስልክ ይዘጋል? ሁለተኛ፣ ከሐሙስ ወዲህ ወደዚህ ስልክ የደወለልሽ ሰው አለ?

ዝም_አለኝ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ራውተሩን ሪስታርት አድርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ጥያቄህ ግን ገረመኝ። አሁን እህቴ ጋ ደወልኩ፣ አነሳችው፣ ከዚያ ዘጋችው። የኔ ስልክ አልዘጋም! ሰዓቱን መቁጠሩን ቀጠለ። እኔው ነኝ በመጨረሻ የዘጋሁት። ከሐሙስ ወዲህ ደግሞ ማንም አልደወለም። እኔማ ሰው ረሳኝ ብዬ ነበር። እህቴ በዚህኛው ስትሞክር «አይገኝም» አላት።

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡25

አልረሱሽም። «ዘጋሁ» የሚለውም መልእክት፣ «ይደወልልሻል» የሚለውም፣ ድምፁም ሦስቱም የሚላኩት ስልክሽ «እዚህ ነኝ» ብሎ ወደጻፈው አድራሻ ነው። ሦስቱም ካልደረሱ ያ አድራሻ ስህተት ነው። የድምፅ ፖርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲዘጉ ይዘጋልሽ ነበር።

መገመት ይብቃን፣ ደብዳቤውን እናንብበው። የስልኩ ድረ ገጽ ላይ ፓኬት (በገመዱ የሚያልፈውን የመረጃ ቁራጭ) የሚቀዳ ቦታ ብዙ ጊዜ አለ። አስጀምሪው፣ 20 ሰከንድ ደውዪ፣ አቁሚው፣ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ዋየርሻርክ በሚባለው ፓኬት ማንበቢያ ፕሮግራም ክፈቺ። ስልክሽ ለመደወል የላከውን የመጀመሪያ መልእክት አግኚና ወደ ታች ውረጂ። በእንግሊዝኛው «ሲ» ፊደልና በእኩል ምልክት የሚጀምር መስመር አለ። የድምፁ አድራሻ እሱ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ «ኦዲዮ» በሚለው መስመር ላይ ፖርቱ አለ። ሁለቱን ጻፊልን። በዚያው የገባና የወጣ የድምፅ ፓኬት ቁጥርም እዪ።

ዝም_አለኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ሠራሁት! (አድራሻዎቹን ለጥንቃቄ ትንሽ ለውጬ ነው የጻፍኩት።)

የድምፅ አድራሻ፦ 203.0.113.57
ፖርት፦ 11790
የወጣ ፓኬት፦ 1,043
የገባ ፓኬት፦ 0

ዜሮ! አንድም የለም። ግን ገመድ_ፈታሽ 192.168 ይሆናል ብሎ አልነበር?

ገመድ_ፈታሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡38

ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። 1,043ቱ ልክ ነው፤ የተለመደው ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዳታ የሚቀይረው) በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል፣ በሰከንድ 50። 20 ሰከንድ ያህል አውርተሻል። መግቢያው ግን ባዶ ነው። አድራሻው የውጭ አድራሻ መሆኑ ነው ግራ የገባኝ። ራውተሩ አሁን የሚያሳይሽ የውጭ አድራሻ ስንት ነው? መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝ።

ዝም_አለኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡41

203.0.113.140

ቆይ። ቆይ! አንድ አይደሉም እኮ!

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡43

ስልኩ ውስጥ የናት ወይም የኔትዎርክ ገጽ ላይ ግቢ። «የውጭ አይፒ» የሚል ሳጥን አለ። ምን ተጽፎበታል?

ዝም_አለኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

57። የጻፍኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

አሁን ትዝ አለኝ። ስልኩን መጀመሪያ ስተክል አንድ መመሪያ ላይ «የውጭ አድራሻህን እዚህ ጻፍ፣ ከ11780 እስከ 11799 ያሉትን ፖርቶችና 5060ን ራውተሩ ላይ ከፍተህ ወደ ስልኩ ፎርዋርድ አድርግ» የሚል አንብቤ እንደተባልኩት አደረግሁ። ሠራ፣ ረሳሁት። ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። ራውተሩ ሲነሳ አዲስ አድራሻ ተሰጥቶት ነው ማለት ነው። ስልኩ ግን የድሮውን ቤቴን እየጻፈ ይኖራል።

ገመድ_ፈታሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡02

እና እነሆ አምስት ቀን ሙሉ የእማማ ድምፅ የማይታወቅ ሰው በር ላይ ሲያንኳኳ ሰነበተ። 57ን አሁን ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል። ራውተሩ ሳይከፍት ይጥለዋል፣ ግን ነገሩ ያስቃል።

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

እኔ ልጨምር፣ የሚገርመው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሳጥኑን ባዶ ብትተዪው ኖሮ ምናልባት ችግሩ ባልመጣም ነበር። ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች ሰርቨራቸው ደብዳቤው ውስጥ እንደ 192.168 ያለ የቤት አድራሻ ሲያይ «ይህ ሰው ከናት ጀርባ ነው» ብሎ ያውቃል። የተጻፈውን ይተውና ያንቺ ድምፅ ከመጣበት አድራሻና ፖርት መልሶ ይልካል። የውጭ አድራሻ ሲያይ ግን «ይሄኛውስ ራሱን ያውቃል» ብሎ ያምናል። ስልክሽ የቤቱን አድራሻ በሐቅ ቢናገር ይታገዝ ነበር። የተሳሳተ የውጭ አድራሻ ስለተናገረ ታመነ።

ስለዚህ ሳጥኑን አጥፊ፣ ስልኩን ሪስታርት አድርጊ፣ ደውዪ። ሌላ ነገር አትንኪ። አንድ በአንድ።

ዝም_አለኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ሰማሁ!!! እማዬ «አሁንስ ዝም አልሽ» አለችኝ፤ ለካ እየሰማሁ ዝም ብዬ ነው። ስትዘጋው ተዘጋ። በዚያው መልሳ ደወለች፣ ጠራ።

አሁን እነዚያን ፎርዋርድ ያደረግኋቸውን ፖርቶች ምን ላድርግ? ስልኩ ላይ ስተን የሚል ነገርም አለ። ላብራው?

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

ፖርቶቹን ዝጊያቸው፣ በተለይ 5060ን።

ስተን ማለት ስልኩ ውጭ ያለ ሰርቨር «ከየትኛው አድራሻ ስመጣ ታየኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ነው መጀመሪያ የወጣው። በእጅ ከመጻፍ አንድ ሺህ ጊዜ ይሻላል፣ አድራሻው ሲቀየር አብሮ ስለሚቀየር። ግን አንዳንድ ራውተር ለየመድረሻው የተለያየ ፖርት ይሰጣል። ያኔ ስተን የሚነግርሽ ፖርት ለስተን ሰርቨሩ ብቻ የተከፈተ ይሆናል፣ ለድምፁ አይጠቅምም። ያንቺ ሰርቨር ራሱ እንደሚያስተካክል አሁን አይተናል። ስለዚህ ተይው። ሁለት አራሚ አንድ ደብዳቤ ላይ ሲረባረብ ነው ኤኤልጂ ስሙ የጠፋው።

አንድ ነገር ብቻ አብሪ፤ «ኪፕ አላይቭ» የሚለውን፣ ስልኩ በየ20 ወይም 25 ሰከንዱ ሰርቨሩን እንዲነካካ። ራውተሩ ዝም ያለ ግንኙነትን ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የናት ምክር ከ2 ደቂቃ በፊት እንዳይረሳ ይላል፣ ግን በ30 ሰከንድ የሚረሳም አለ። ያኔ ስልኩ ተመዝግቦ እያለ ገቢ ጥሪ አይጠራም። እስክትደውዪበት ድረስ ማለት ነው፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ይሠራና መልሶ ይጠፋል።

ሰላሳ_ሁለት
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ጥሩ ክር ነው። የኔ ድምፁ በሁለቱም በኩል አለ፣ ግን ገቢ ጥሪ ሁሉ በ32 ሰከንድ ይቆረጣል። ሁሌም 32። ይህም ናት ናት?

ገመድ_ፈታሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡16

አዎ፣ የእህቷ ልጅ ናት። ስልክህን ስታነሳ ስልክህ «አነሳሁ» ይላል፣ ከዚያ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ ካልመጣ እየደጋገመ ይልካል። ግማሽ ሰከንድ ሲባዛ በ64፣ ማለትም 32 ሰከንድ ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ሲፕ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጻፍ የተቀመጠ ቁጥር ነው። «ደርሶኛል» የሚለው መልስ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። አንተም ደብዳቤው ውስጥ ስልክህ «እዚህ ነኝ» ያለበትን አድራሻ እይ። እንደ ዝም_አለኝ ቅዳና አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያ እንመጣለን።

አጥፍተህ_አብራ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። 5060ን ዝጊ ያላችኋት ለምንድነው? የኔ ዲኤምዚ ውስጥ ነው ብያለሁ አይደል። አንዳንዴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። የደዋዩ ቁጥር 100 ወይም 1001 ይላል። ሳነሳው ማንም የለም። ባለቤቴ «ማናት?» ማለት ጀምራለች።

የሌሊት_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡48

አልሳቅሁም። ትንሽ ብቻ።

ሰው አይደለም የሚደውልልህ። ኢንተርኔቱን ሙሉ 5060 የተከፈተበት ቤት እየፈለጉ የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ። ስልክህን በቀጥታ ያንኳኳሉ፣ አገልግሎት ሰጪህ ጋ እንኳ አይደርስም። ስልኩም ሰው የደወለ መስሎት ይጮኻል። የሚፈልጉት ደካማ የይለፍ ቃል ያለው የስልክ ሰርቨር አግኝተው በሰው ሂሳብ ውድ ቁጥሮች ላይ መደወል ነው። ዲኤምዚውን አጥፋ። የስልኩን ገጽ የይለፍ ቃልም ቀይር፣ ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረው ከሆነ። ስልክህ ላይ «ከተመዘገብኩበት ሰርቨር ብቻ ተቀበል» የሚል ምርጫ ካለ እሱንም አብራ።

አጥፍተህ_አብራ
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ዲኤምዚውን አጠፋሁ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ስልኩ አሁንም ይሠራል፣ ድምፁም በሁለቱም በኩል አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያስፈልገኝ ኖሯል። ሌሊት አልጮኸም። ባለቤቴ ግን 9 ሰዓት ላይ በራሷ ነቃች፣ ለምዳው።